የዘሀራ ዘጠኝ ረድፎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ትምህርት ቤቱ ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጋቢ ደርቦ የግማሽ ሰዓት ንግግር መስማት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ርዕሰ መምህሩ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ እንከን ያገለገሉ አባታችን» አለ፤ ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ላቤን እየጠረግኩ እጅ ነሳሁ። ጉዴን ሳላውቅ «ያለ እንከን» የሚለውን አምኜ ነበር ወደ ቤቴ የገባሁት። ወር ሳይሞላ ግን አንዲት ጎበዝ ልጅ በእኔ ድንቁርና ከመንገዷ መቅረቷን አወቅኩ። ዘሀራ ትባላለች፤ የቀወት ገበሬ ልጅ ናት። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትለኝ አይደለም። የሆነውን እንደሆነ ለማስቀመጥ ያህል ነው።

ነገሩ ከደብረ ሲና ይጀምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብኩት እዚያ ነው፤ የሂሳብ መምህር ሆኜ። ደመወዙ እንደነገሩ ነበር፣ ቅዝቃዜው ግን አጥንት ይገባል። ጉም የመማሪያ ክፍሉን ሞልቶት ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሰሌዳውን ማየት የሚያቅታቸው ቀን ነበር። የሂሳብ ትምህርት ክፍሉ አንጋፋ መምህር ጋሽ በየነ ይባሉ ነበር። ሚስት አላገቡም፣ ከሰው ጋር ብዙም አይጫወቱም። ትርፍ ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት አንድ ዝርግ ትሪ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው፣ በትሪው ዙሪያ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ደርድረው ነው። ሌላው መምህር «በየነ ለይቶለታል» ይል ነበር።

አንድ ቀን «ና ተቀመጥ» አሉኝ። «ይኸው ስምንት ቆርኪ። የፈለግከውን ግለጥ፣ የፈለግከውን ድፋ።»

ቀላቅዬ በትሪው ዙሪያ ክብ አድርጌ ደረደርኩ።

«አሁን ለእያንዳንዱ ቆርኪ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን እይ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ መሐል ያለው ይደፋል፤ ከተለያዩ ይገለጣል። እሱ ራሱ ምን እንደነበረ አይጠየቅም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ቀይር። ይህ አንድ ረድፍ ነው።»

አራተኛው ረድፍ ላይ ስምንቱም ተደፉ። «ሌላ አድርገህ ሞክር» አሉኝ። ሌላ አደረግኩ፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ያም ባዶ ሆነ። አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ። የጀመርኩት በምንም ይሁን፣ መጨረሻው ያው ነው።

«ስምንት እንዲህ ነው» አሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ እያደረጉ። «አሁን አንዷን አንሳና ሰባት አድርገው።»

ሰባቱ ግን አልሞቱም። ከመጀመሪያው ረድፍ ወዲያ በየሰባቱ ረድፍ ያው መልክ ተመልሶ መጣ። አምስት ቆርኪ በየሦስቱ ይመለሳል። አሥራ አንድ በየሠላሳ አንዱ። አሥራ ዘጠኝ በየአምስት መቶ አሥራ አንዱ፤ ይህን የመጨረሻውን ጋሽ በየነ ረድፍ በረድፍ በእጃቸው ሠርተውታል። ያን ቀን ሳልነሳ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲያም ዕድሜ ልኬን ከዚያ ትሪ አልተነሳሁም ማለት ይቻላል።

አሠራራቸው የተለየ ነበር። ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ይጽፋሉ፤ የተሳሳተውን በላጲስ አያጠፉም፣ አንድ መስመር ብቻ ያሳልፉበታል። ወረቀት አይጥሉም። አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር የተገለጡትን ይቆጥራሉ። ብዛታቸው ጎዶሎ ከሆነ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የተገለጠ ቆርኪ ለሁለት ጎረቤቶቹ ይቆጠራል፣ ስለዚህ አዲሱ ረድፍ ሁልጊዜ ጥንድ መሆን አለበት። «ጥንድ ሆነ ማለት ግን ልክ ነው ማለት አይደለም» ይሉኝ ነበር። «ሁለት ስህተት ተቃቅፎ ይደበቃል።» ስለዚህ እያንዳንዱን ረድፍ ሁለት ጊዜ ይሠሩታል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ረድፍ አይዘለልም።» ሦስት መቶ ረድፍ ሠርቼ አንዱን ረስቼ ባልፍ፣ ከዚያ ጀምሮ ያለውን እንደገና ያሠሩኛል።

ለጎዶሎ ቁጥሮች ሁሉ የሚሆን ሕግም አግኝተው ነበር። ከአንድ ቆርኪ ተነስተህ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያልክ ርቀቱን እጥፍ ታደርጋለህ፤ ክበቡን ዞረህ ዞረህ እዚያው ቆርኪ ጎን፣ በግራም ይሁን በቀኝ፣ ስታርፍ ስንት ጊዜ እንዳጠፍክ ትቆጥራለህ። ያን ያህል ጊዜ ሁለትን እርስ በርሱ አባዝተህ አንድ ትቀንሳለህ። የመመለሻው ቁጥር ይወጣልሃል። ለሰባት ሦስት ጊዜ ታጥፋለህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲባዛ ስምንት፣ አንድ ሲቀነስ ሰባት። በሠራናቸው ሁሉ ላይ ሕጉ ዝንፍ አላለም። ከሕጉ ሥር ግን በቀይ፣ በትንሹ፣ «እስካሁን» የሚል ቃል ጽፈው ነበር።

«ለምንድነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እስካሁን ያየሁት ነዋ። ያላየሁትን እንዴት ልመስክር?»

ከደብረ ሲና ስዛወር ደብተሩን ገለበጥኩ። ሕጉን ጻፍኩ፣ «ረድፍ አይዘለልም» የሚለውንም በትልቁ ጻፍኩ። «እስካሁን»ን ተውኩት። የሽማግሌ ፍርሃት ነበር የመሰለኝ።

አጣዬ አንድ ዓመት ሠራሁ፤ ያኔ የተከራየሁበት ቤት ዛሬ የለም፣ ከተማዋ ስትቃጠል አብሮ ነደደ። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ወረድኩና ቀሪውን ዕድሜዬን እዚሁ ጨረስኩ። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህሬ ጠመኔ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። የሂሳብ ክበብ አቋቁሜ ተማሪዎቹን በቆርኪ ሳስጀምር በሩን በርግዶ ገባ።

«መምህር፣ በትምህርት ቤቴ ቁማር ታስተምራለህ?»

«ጌታዬ፣ ሂሳብ ነው።»

«ቆርኪ የሚገለበጥበት ሂሳብ የት አገር ነው ያለው?»

አስቀምጬ ስምንቱን ሠራሁለት። አራተኛው ረድፍ ላይ ሁሉም ሲደፉ ዝም ብሎ አየና «ይሄስ የኔን በጀት ይመስላል» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልነካንም። ቆርኪውን የሚሰጠን ምሳ የምበላበት የመንገድ ዳር ሆቴል ባለቤት ነበር፤ በየሳምንቱ በማዳበሪያ ይልክልናል። ልጁም ኋላ፣ በዘሀራ ጊዜ፣ ክበባችን ውስጥ ነበር። ታታሪ፣ ጽሑፉ የሚያምር፣ የተባለውን የሚሠራ ልጅ።

ዘሀራ ክበቡን የተቀላቀለችው ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው። ቤተሰቦቿ ማሽላና ሽንኩርት የሚያለሙ የቀወት ገበሬዎች ናቸው፤ ሽንኩርት ሲደርስ ትቀራለች፣ ሌላ ጊዜ ከቤቷ በእግሯ ትመጣለች። ሌሎቹ ቆርኪ ለመገልበጥ ሲሻሙ እሷ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከትታ ዝም ብላ ታያለች። ሰነፍ መስላኝ ነበር።

«ዘሀራ፣ ለምን አትሠሪም?»

«ቲቸር፣ ሁሉንም መሥራት አለብን እንዴ?»

«ረድፍ አይዘለልም።»

«እሺ» ትላለች፣ መልሳ ታያለች።

አሥረኛ ክፍል ስትደርስ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ላከ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ይቀበላል፤ ተማሪው ራሱ የሠራው ሥራና የመምህሩ ምስክርነት ይቅረብ ይላል። ምርጫው የእኔ ሆነ። ለክበቡ ልጆች «ከአሥራ ዘጠኝ የሚበልጥ አንድ ጎዶሎ ቁጥር ምረጡ፣ መቼ እንደሚመለስ ሠርታችሁ አምጡ» አልኳቸው። ዘሀራ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ካልሆነልኝ አክስቴ ዓረብ አገር ልትወስደኝ ነው። ፓስፖርት ጨርሳለች።»

«ሥሪ፤ ሥራሽ ይናገራል» አልኳት። እንዲህ ነበር ያልኳት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ሃያ ሦስትን መረጠ። ሕጉ በሁለት ሺህ አርባ ሰባት ረድፍ ይመለሳል ይላል። ልጁ ሦስት ደብተር ሙሉ፣ አንድም ሳይዘል፣ ሠርቶ መጣ። እውነትም ተመለሰ። ደብተሩን ሳገላብጥ የጋሽ በየነን እጅ ያየሁ መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ዘሀራ ሠላሳ ሰባትን መርጣ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ከላይ መነሻው ረድፍ ነበር፣ ሁለት ጎን ለጎን የተገለጡ፣ ሌላው የተደፋ። ከሥሩ ዘጠኝ ረድፍ። ዘጠነኛው መነሻው ራሱ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሠላሳ ሰባት ነው ቲቸር። ሰማንያ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ላይ ይመለሳል።»

«ሕጉ ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት ሺህ መቶ አርባ ሦስት ነው የሚለው።»

«ሕጉ ሦስት እጥፍ አበዛው።»

«የቀረው ረድፍ የታለ? ዘጠኝ ነው ያለሽ።»

«ዘልዬው ነው። አራት ረድፍ ወደፊት ሲኬድ መሐል ያሉት ይጠፋፋሉ፣ አራተኛ ጎረቤቶቹን ብቻ ማየት ይበቃል። አሥራ ስድስት ሲኬድም አሥራ ስድስተኛዎቹን። ከሠላሳ ሰባት ሲያልፍ ዞሮ መቁጠር ነው። አንድ፣ አራት፣ አሥራ ስድስት፣ ስድሳ አራት እያልኩ ዘጠኝ ጊዜ ስዘል ድምሩ…»

«ዘሀራ። ረድፍ አይዘለልም።»

«ይቁጠሩት ቲቸር፣ ሁሉም ጥንድ ነው።»

ቆጠርኩ። ጥንድ ነበር። «ጥንድ ሆነ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም» አልኳት። የጋሽ በየነ ቃል ነው፤ ቃሉም እውነት ነው። እውነተኛ ቃል ይዤ ሐሰት ፈረድኩ። ምን እንደምትል እስከ መጨረሻው አልሰማኋትም። ወረቀቷ ላይ በቀይ «ረድፍ ተዘሏል፤ ያልተሟላ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

ትከራከራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊቴን አየት አደረገችና «እሺ ቲቸር» አለች። ወረቀቷን እንኳ አልተቀበለችኝም። ለሆቴሉ ባለቤት ልጅ ምስክርነቱን ጻፍኩለት፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሰው ሆነ፣ ደስ ይለኛል። ዘሀራ በሁለተኛው ሳምንት ቀረች። ሽንኩርት ደርሶ ይሆናል አልኩ። ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም አልመጣችም። አልጠየቅኩም፤ የሚቀር ተማሪ ብዙ ነው፣ ቀሪ መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጌ ዝም አልኩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የእኔን ክፍሎች የተረከበው ወጣቱ መምህር ሄኖክ ሊጠይቀኝ መጣ። የምሰጠው ሌላ ስለሌለኝ ደብተሩን አውጥቼ ሕጉን አሳየሁት። ልኩራበት ፈልጌ «በኮምፒውተርህ ፈትነው» አልኩት። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ የሚገርም ነው! እስከ ሠላሳ አምስት ድረስ አንድም አልሳተም።»

«አይስትም።»

«ሠላሳ ሰባት ላይ ግን እምቢ አለ።»

«ምን ሆኖ?»

«ከሕጉ በፊት ተመለሰ። ሰማንያ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ።»

«ማሽንህ ሙቀት መትቶት ይሆናል» አልኩት። ስቆ እንደገና አስኬደው። ያው ነው። ቁጥሩን የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሄኖክ ሻዩን ሳይጨርስ ሰበብ ፈጥሬ ሸኘሁት።

ወረቀት አልጥልም፤ ይህንንም ከጋሽ በየነ ነው የተማርኩት። የዘሀራን ወረቀት በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ትሪውን አውጥቼ ሠላሳ ሰባት ቆርኪ ደረደርኩና፣ ያኔ ልሰማት ያልፈለግኩትን፣ እንዳለችው ሠራሁ። መጀመሪያ የቅርብ ጎረቤቶችን። ከዚያ አራተኛዎቹን። ከዚያ አሥራ ስድስተኛዎቹን። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ። ምሳ ሳይደርስ ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ፤ ሁለት ጎን ለጎን የተገለጡ ቆርኪዎች፣ ሌላው ሁሉ የተደፋ። እኔና ጋሽ በየነ ስንት ዓመት በእንብርክክ የሄድንበትን መንገድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ቀና ብላ ተራምዳው ነበር። ከልጅቷ የሚጠበቀውን ሁሉ አድርጋለች። ከእኔ የሚጠበቀው ማየት ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አይጥመኝም፤ ስንት ሌላ ወረቀት ላይ እንዲህ ፈርሜ ይሆን እያልኩ ካርቶኖቹን ለመክፈት እፈራለሁ።

በባጃጅ ቀወት ሄድኩ። አባቷ ጋሽ ሰይድ ማሽላ ከወፍ ይጠብቁ ነበር፤ ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተቀበሉኝ።

«የዘሀራ መምህር! መርሐባ፣ መርሐባ፣ ይግቡ። ምን እግር ጣለዎት?»

«ዘሀራን ፈልጌ ነበር።»

«ጂዳ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። ጤናዋን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።»

ልጅ ያዘለች ሴት ውኃ በጆግ አቀረበችልኝ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አስተያየቷ የዘሀራን ይመስላል።

«ሉባባ ናት፣ ታናሿ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ይቺም ቁጥር ላይ ልዩ ነበረች። ምን ዋጋ አለው፣ ከስምንተኛ ቀረች።»

«ለምን?»

«ዘሀራ ናት ያስቀረቻት። ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ‹አባ፣ ሉባባን ይብቃት፣ በከንቱ አታልፏት› አለችኝ። ምነው ብላት መልስ የላትም። ከኔ ይልቅ ትምህርቱን የምታውቀው እሷ ናት ብዬ፣ እሺ አልኩ። አላህ ያላለው አይሆንም።»

ስልካቸውን አውጥተው በኢሞ ደወሉላት፤ ስታነሳ ለእኔ ሰጡኝና ወፉ ማሽላው ላይ ስለሰፈረ ተነስተው ሮጡ።

«ቲቸር? በሰላም ነው? አባ ደህና ነው?»

«ሁሉም ደህና ነው። ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ሠላሳ ሰባት… ዘጠኙ ረድፍሽ ልክ ነው። ሠራሁት። ልክ ነበርሽ።»

ዕቃ የሚታጠብ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቆመ።

«አዎ» አለች። «ልክ ነው እኮ።»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ቲቸር… ያኔ አላወቁም ነበር እንዴ?»

«አላወቅኩም። ያልሽው አልገባኝም ነበር።»

«ወላሂ?»

«እውነቴን ነው የምልሽ።»

 በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልክ መሆኔን አይተው ለሱ የሰጡት መስሎኝ ነበር። አባቱ ቆርኪውን ስለሚያመጣ፣ እርስዎም እነሱ ጋ ስለሚበሉ። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ፣ የሙስሊም ልጅ። ቲቸር ይሄን አይቶ አይገባውም ብዬ እንዴት ላስብ? ሥራሽን አያዩም፣ ማን እንደሆንሽ ነው የሚያዩት አልኩ። ሉባባም እንደኔ ለፍታ እንዳታፍር ብዬ…»

ከኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ተጣራች። ዘሀራ መለሰችላትና ወደ እኔ ተመለሰች።

«ታዲያ ቲቸር፣ ሉባባን በምን ምክንያት ነው ያስቀረኋት?»

  ሴትዮዋ ደግማ ተጣራች፤ ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ ሰይድ እያለከለኩ ተመለሱ። ሉባባ ጆጉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ሰላም በሉልኝ አለች» አልኳቸው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ያላደረግኩትን፣ ያን ዕለት ረድፍ ዘለልኩ።